ችግርን መምህር አድርጎ ስለ መሾም

በየዓመቱ የምረቃ ወራት ሲደርስ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን አዳራሾች ጥቁር ካባ በለበሱ ምሩቃን ሲሞሉ፣ ከሚደረገው ንግግር ሁሉ ይልቅ ጭብጨባ የሚያስነሣው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፤ እርሱም እናቱ ጉልት ቸርችራ ወይም በሰው ቤት እንጀራ ጋግራ ያስተማረችው፣ በአንድ ሱሪና በአንድ ጫማ ዓመታቱን የፈጸመ፣ ሆዱን አስሮ አድሮ በማለዳ ለፈተና የተቀመጠ፣ በመጨረሻም የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ ልጅ ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ለልጁም ለእናቱም ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ጭብጨባውን ተከትሎ የሚመጣው ስብከት፣ «አያችሁ፣ ሰውን ሰው የሚያደርገው ችግር ነው» የሚለው፣ ከታሪኩ የማይወጣ ትርጓሜ፣ ድኻውን ተማሪ በድህነቱ ላይ በዝምታ የሚቀጣ፣ ሊረዳው የሚገባውን ሁሉ ደግሞ ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ የተሳሳተ ትምህርት ነው።

«ችግር ያስተምራል» የሚለው አነጋገር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ፣ ሥልጣኑን የሚጠይቅ ሰው እንደ ደፋር ይቈጠራል። አባት ለልጁ የኪስ ገንዘብ መላክ ሲያቅተው ራሱን የሚያጽናናበት፣ ሹም የተማሪዎች ምግብ አነሰ ሲባል አቤት ባዩን የሚያሰናብትበት፣ መምህር ወፍራሙን ጥራዝ በየራሳችሁ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ አንሡ ብሎ ሲያዝ ማጉረምረሙን ጸጥ የሚያሰኝበት፣ ከሁሉም ይልቅ ተማሪው ራሱ በዶርሙ አልጋ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ለኅሊናው የሚደግመው ቃል ይህ ነው። በውስጡ ጥቂት እውነት እንዳለበት አልክድም፤ ማጣትን ያየ ሰው የገንዘብን ዋጋ ያውቃል፣ ለተቸገረም ማዘንን ይማር ይሆናል። ነገር ግን ከመከራ ውስጥ ትምህርት ቀስሞ መውጣት የሰውየው ትሩፋት ነው እንጂ የመከራው ቸርነት አይደለም፤ የቅዱሳንን ገድል የምናነብ ሰዎች ሰማዕቱን እናመሰግናለን እንጂ ሰይፉን አናመሰግንም።

የተማሪው ጭንቀት ምን እንደሆነ በቅርቡ ያላየ ሰው ነገሩ ከቅንጦት የመጣ ይመስለዋል፤ የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደሚባለው ነው። ተማሪው የሚመደበው በትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የወላይታው ልጅ ጎንደር፣ የወሎው ልጅ ጅማ፣ የአርሲው ልጅ ጅግጅጋ ቢደርሰው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጎንደር ብቻ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ የአንድ ጊዜ መሄጃ የአንዱን ቤተሰብ የወር ገቢ ቢበላ፣ መንገዱ ሰላም ባጣበት ዘመን ደግሞ ወጪው እጥፍ ድርብ ቢሆን፣ ብዙው ልጅ የዕረፍቱን ጊዜ ከእናቱ ቤት ርቆ ግቢ ውስጥ ቢያሳልፍ ምክንያቱ ይኸው ነው። የገበሬ ልጅ የሆነው ደግሞ ሌላ መከራ አለበት፤ አባቱ ገንዘብ የሚያየው አዝመራው ተወቅቶ ገበያ ከወጣ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ሲሆን፣ ልጁ ግን ሻንጣውን የሚያነሣው ብዙ ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት፣ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ላይ በቆመበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የመሳፈሪያ ገንዘብ ወይ ከበግ ሽያጭ ወይ ከአራጣ አበዳሪ እጅ የወጣ ነው፤ ተማሪውም የመጀመሪያውን ትምህርት ሳይሰማ የቤተሰቡን ዕዳ በልቡ ተሸክሞ ወደ ክፍል ይገባል።

ከገባም በኋላ የሚያስጨንቀው ታላቁ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ጥቃቅኑም ነው። ሳሙና፣ የፀጉር መቆረጫ፣ ለሴቶቹ በየወሩ የማይቀረው ሞዴስ፣ የታመመ ቀን ከክሊኒኩ ውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የምርምር ጽሑፉን ለማተም በገጽ የሚከፈል ሒሳብ፣ የቤት ሥራው ያለ ኮምፒዩተር የማይሠራ ሆኖ ከጓደኛ የሚለመን ላፕቶፕ፣ መምህሩ ትምህርቱን በቴሌግራም ስለሚልክ የሚሞላ የኢንተርኔት ካርድ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ሲታዩ ቀላል፣ ተደምረው ሲመጡ ግን የወጣቱን ልቡና ከመጽሐፉ ላይ የሚነጥቁ ናቸው። በምረቃው ዓመት ደግሞ ጂሲ የሚባለው ሥርዓት ይጨመርበታል፤ ለቲሸርቱ፣ ለመቶኛው ቀን በዓል፣ ለፎቶግራፉና ለመጽሔቱ መዋጮ ሲጠየቅ፣ የሌለው ልጅ ወይ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ «ግርግር አልወድም» ብሎ ከጓደኞቹ ደስታ ራሱን ያገልላል።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው የተለመደ መልስ፣ «መንግሥት በነፃ እያበላ፣ በነፃ እያስተኛ፣ በነፃ እያስተማረ ምን ጎደለ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውን የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ኮስት ሼሪንግ የሚሉትን፣ የረሱ ይመስላል። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ሊከፍል ፈርሞ ይገባል፤ ከተመረቀም በኋላ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቈረጠ ዕዳው ይወራረዳል። እንግዲህ በካፌ ተሰልፎ የሚበላው ሽሮ የነገ ደመወዙ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ የራሱን ዕዳ እየበላ ያለውን ሰው እንደ ጥገኛ ቈጥሮ ማሳቀቅ ፍርድ ማጣመም ነው።

የምግቡም ነገር ቢሆን በቁጥር ይታይ። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት፣ ቁርሱ፣ ምሳውና ራቱ ተደምሮ፣ 22 ብር ሆኖ ቈይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን የተመሰገነው ጭማሪ ራሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ይከስሳል፤ በካፌ መመገቡን ትቶ ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ነን ካፌ የሚባለው ተማሪ፣ በ22 ብር ሒሳብ በወር የሚደርሰው 660 ብር ብቻ ነበርና። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቅቆ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ የዘይቱም የሳሙናውም የመሳፈሪያውም ዋጋ ባለበት አልቈመም። ገበያው በየወሩ ሲራመድ በጀቱ በየብዙ ዓመቱ አንድ ጊዜ ከተራመደ፣ በመካከል ያለውን ርቀት በሆዱ የሚሸፍነው ተማሪው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ፤ ችግር በእውነት ያስተምራልን? እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 አናንዲ ማኒ፣ ሰንድሂል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣዎ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን፣ አዝመራ ሳይሰበሰብ እጃቸው ባጠረ ጊዜና ከተሰበሰበ በኋላ እጃቸው በሞላ ጊዜ፣ የማሰብ ችሎታን በሚለኩ ጥያቄዎች ፈትነዋቸው ነበር። ያው አንዱ ገበሬ በማጣቱ ወራት የሰጠው መልስ ባገኘበት ወራት ከሰጠው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ዕውቀቱም አልቀነሰም፤ ነገር ግን «ዛሬ ምን እበላለሁ፣ ዕዳዬን በምን እከፍላለሁ» የሚለው ሐሳብ ልቡናውን ይዞበት ለሌላው የሚተርፍ ኃይል አጣ። የኛው የገበሬ ልጅ ከባዶ ጎተራ ተነሥቶ በሚመጣበት በጥቅምት ወር ስሌትና ፊዚክስ ፊት ሲቀመጥ፣ ከጓደኛው እኩል የተፈተነ ይመስለናል፤ እርሱ ግን በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና ይፈተናል፤ አንዱ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው፣ ሁለተኛው በሆዱና በኪሱ ውስጥ ያለው ነው። ችግር መምህር ነው ከተባለ፣ ተማሪውን ከሌላው መምህር ትምህርት እየነጠቀ የሚያስቀር ምቀኛ መምህር ነው።

የችግር አወዳሾች በዚህ ስፍራ ሁልጊዜ የሚጠሩት ምስክር አላቸው፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። «አባቶቻችን ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ቁራሽ ለምነው አይደለምን ሊቃውንት የሆኑት?» ይላሉ። ምስክሩን እኔም በደስታ እቀበለዋለሁ፤ ምክንያቱም በትክክል ከተጠየቀ የሚመሰክረው ለእነርሱ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ ለመቀኘት ወደ ዋሸራ የሚወርደው ልጅ ከዘመዶቹ ርቆ፣ በጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ከሣር ጎጆ ቀልሶ፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቆሞ፣ ሌሊት ቀለሙን ሲያጠና ይኖር ነበር፤ ውሻ ነክሶት፣ በሽታ ይዞት፣ ብርድ አቆራምዶት በመንገድ የቀረውም ጥቂት እንዳልሆነ መካድ የለብንም። ነገር ግን ያን ልጅ ያስተማረው ረኃቡ ነበርን? አልነበረም፤ ያስተማረው መምህሩ ነው፣ ያኖረውም መንደሩ ነው።

መምህሩ የትምህርት ዋጋ አይጠይቅም ነበር። ደጅ የተቆመባት ባልቴት የራስዋን እንጀራ ቆርሳ ስትሰጥ የምትሰጠው ለአንድ የማታውቀው ልመና አዳሪ ሳይሆን ነገ ለሚቀድስላትና ለሚያስተምርላት ተማሪ ስለነበረ፣ ስጦታዋ ግዴታም በረከትም ነበር። ተማሪውም ለምኖ ያገኘውን ካልቀናው ጓደኛው ጋር አንድ ላይ ይበላል። ከሁሉም የሚበልጠው ነገር፣ ያ ልጅ ችግሩን የሚናገርበት የታወቀ ቃል፣ የሚናገርበት የታወቀ ሰዓት፣ ቢናገርም የማያፍርበት ክብር ነበረው። ስለዚህ የቆሎ ትምህርት ቤት የሚያሳየው ድኻ ብቻውን ተጋድሎ ሊቅ እንደሚሆን ሳይሆን፣ ሕዝብ በሙሉ ተማሪውን ለመመገብ ከተስማማ ከድኻ ቤትም ሊቅ እንደሚወጣ ነው። የዛሬው ትችቴ እንግዲህ ከዚህ ይነሣል፤ እኛ ከአባቶቻችን ሥርዓት ልመናውን አስቀርተን ምጽዋቱንም አብረን አስቀረነው፤ ረኃቡን ግን አላስቀረነውም፤ በላዩም ላይ ዝምታን ጨመርንበት።

ከአባቶች ትውልድ ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደግሞ፣ «በኛ ጊዜ» እያሉ ወጣቱን የሚገሥጹት ብዙዎቹ ታላላቅ ሰዎች በምን ሁኔታ እንደ ተማሩ ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ በመንግሥት ወጪ እየበሉና እያደሩ ይማሩ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርቱ የሰጡት የራሳቸውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። መንግሥት ተማሪውን በቤተ መንግሥት አስቀምጦ ማስተማርን እንደ ክብሩ በቈጠረበት ዘመን የተማረ ሰው፣ ሽበት ካበቀለ በኋላ ድህነትን እንደ ትምህርት ቤት ሊያወድስ አይገባውም። እርግጥ ያን ጊዜ ተማሪው በመቶ የሚቈጠር ሲሆን ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የሀገሪቱም አቅም ውሱን ነው። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። እንዲህ ባለ ወንፊት የተነፉትን ጥቂት ልጆች ከለዩ በኋላ ስለ ሳሙናቸው እንዲያስቡ መተው፣ በብዙ ድካም የተለቀመውን ዘር በመንገድ ዳር እንደ መበተን ነው።

የችግር ውዳሴ ሌላም ስሕተት ይሸፍናል። ወደ መድረክ ወጥቶ ሜዳሊያ የሚያጠልቀው የተረፈው ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት አባቱ ታሞበት ታናናሾቹን ለማሳደር ዊዝድሮው ሞልቶ የሄደው፣ ውጤቱ የወረደው በስንፍና ሳይሆን ሌሊት ሌሊት የጥበቃ ሥራ ይሠራ ስለነበር የሆነው፣ በሐሳብ ብዛት ታሞ ወደ ሀገሩ የተመለሰው፣ ማይክሮፎን የሚሰጠው የለም። ከመቶ ሰው አንዱ ጎርፉን ተሻግሮ ቢወጣ ጎርፉን ዋና አስተማሪ ብሎ ማመስገን፣ የዘጠና ዘጠኙን መቃብር መርገጥ ነው።

ከዚህም ትምህርት የሚወለደው ፍሬ ምን እንደሆነ እንመልከት። ችግር የጀግና ምልክት ከሆነ ስለ ችግር መናገር ፈሪነት ይሆናል፤ ስለዚህ ልጁ ለአባቱ ስልክ ሲደውል «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ይላል፤ አባቱም እንደዚሁ ይመልሳል፤ ሁለቱም ለፍቅር ሲሉ ይዋሻሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ነውና፣ የተደበቀው ችግር ስውር መውጫ ይፈልጋል። አንዱ በስፖርት ውርርድ ቤት የቀረችውን ብር በኳስ ግምት ሊያበዛ ሞክሮ ባዶ እጁን ይወጣል፤ አንዱ ከዶርም ጓደኞቹ ሁሉ ተበድሮ ፊታቸውን ይሸሻል፤ አንዲቱም ልጅ ከግቢው በር ውጭ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቅ ባለገንዘብ «ልርዳሽ» ሲላት፣ የእርዳታውን ዋጋ እያወቀች እንቢ ማለት የማትችልበት ቀን ይመጣባታል። እነዚህን ወጣቶች በሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ የሚወቅስ ሰባኪ፣ መጀመሪያ አፋቸውን የዘጋውን የራሱን ስብከት ይመርምር።

«በጀት አውጣ፣ ቈጥብ፣ ወጪህን ጻፍ» ስለሚለው አዲሱ ምክር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገንዘብ ላለው ተማሪ መልካም ምክር ነው፤ ቤተሰቡ በየወሩ የሚልክለት ልጅ ወጪውን ጽፎ ቢይዝ ይጠቀማል። የሚላክለት ለሌለው ግን ቈጥብ ማለት ሐኪም ጾመኛውን አመጋገብህን ቀንስ እንደ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻውን አይበቃምና፣ ምን ይደረግ ለሚለው የሚታየኝን ልናገር። ወላጅ ልጁን ከመሸኘቱ በፊት ስለ ገንዘብ በግልጽ ይነጋገር፤ ይህን ያህል መላክ እችላለሁ፣ በዚህ ወር እልካለሁ፣ በዚያኛው ወር አልችልም ብሎ እውነቱን ይንገረው፤ ልጅን የሚያስጨንቀው ትንሽነቱ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ጭምር ነውና። መምህራን ተማሪው በገንዘቡ ካላባዛ የማይሠራ የቤት ሥራ ከማዘዝ ይቈጠቡ፤ ጽሑፉን በስልክ ልከው በስልክ ቢቀበሉ ከዕውቀቱ የሚጎድል ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲዎች ችግረኛ ተማሪን ሲረዱ በመድረክ አሰልፈው ሳሙናና ደብተር እያስያዙ ፎቶግራፍ ማንሣትን ትተው፣ ገንዘቡን በባንክ ሒሳቡ ያስገቡለት፤ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚለው ሥርዓት ከኛ በላይ ለማን ይነገራል? በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራና በመዝገብ ቤት ያለውን ቀላል ሥራ በሰዓት እየተከፈለው ተማሪው እንዲሠራ ቢፈቅዱም፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት የክብር መንገድ ይከፍቱለታል። መንግሥትም የምግብ በጀቱን በየብዙ ዓመቱ እንደ ችሮታ ከመጨመር ይልቅ፣ በየዓመቱ የገበያውን ዋጋ ተከትሎ የሚስተካከል በሕግ የተወሰነ ያድርገው።

ከሁሉም በላይ ግን የቀድሞው መንደር ግዴታ ዛሬ ወራሽ ያስፈልገዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በየሰፈሩ ያለ ዕድር ለሞተው ሰው ድንኳንና ንፍሮ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ከአባላቱ ቤት ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጅ በየወሩ ጥቂት ብር ቢመድብ የሚከብደው አይደለም። ቀድሞ ተመርቀው በሀገር ውስጥም በውጭም የሚሠሩ ሰዎች፣ ተምረው በወጡበት ትምህርት ክፍል ያለ አንድ ችግረኛ ተማሪን በየዓመቱ በስውር ቢረዱ፣ ስለ ድሮ ችግራቸው ከሚያወሩት ወሬ ይህ ይበልጣል። ተማሪውም ራሱ ዕዳው ከመቈለሉ በፊት፣ ወደ ውርርድ ቤትም ሆነ ወደ አራጣ አበዳሪ ከመሄዱ በፊት፣ ለሚታመን ሰው ችግሩን ይናገር፤ አባቶቹ ደጅ ቆመው በይፋ የተናገሩትን ነገር እርሱ በቢሮ ተቀምጦ ቢናገር የሚያሳፍረው ምንም የለም።

ችግርን ታግሦ ላለፈ ሰው ምስጋና ይድረሰው፤ ለሚመጣው ግን ያንኑ ችግር ማውረስ ርስት ማውረስ አይደለም። ተማሪን መመገብ በዚህች ሀገር ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ የተወለደ የሕዝብ ዕዳ ነው፤ ዕዳም የሚከፈለው በገንዘብ ነው እንጂ በምክር አይደለም።